መሬቱን ሳይቆፍሩ ውስጡን ማወቅ፦ ከርሰ ምድር ራዳር በደሴና በኮምቦልቻ አፈር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ኤክስካቫተር ሰፈር ሲገባ ብልህ ሰው ቀድሞ ጀሪካኑን ይሞላል። ከአስፋልቱ ሥር ያለውን መስመር በልበ ሙሉነት የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝማ። ድሮ የተቀበረ የውሃ ቱቦ አለ። ከጎኑ የስልክ ኬብል አልፏል። ቆይቶ ፋይበር መጣ። አንዳንድ ቦታ የመብራት መስመርም መሬት ውስጥ ገብቷል። ካርታ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው መስመሩ እንዲያልፍ የታሰበበትን እንጂ ያለፈበትን አይደለም። ቆፋሪው ቋጥኝ ሲያጋጥመው ግማሽ ሜትር ዞር ብሎ አልፏል። ወረቀቱ ላይ ግን መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው።

በኮሪደር ልማቱ የሁለቱም ከተሞች መንገዶች ሲቆፈሩ ያው ጥያቄ እንደገና ተነስቷል። ሳንቆፍር በፊት ከሥር ያለውን ማወቅ አንችልም ወይ? እንችላለን፤ ግን በልኩ። ልኩ እስከ የት እንደሆነ አለማወቅ ገንዘብም ያስወጣል፣ አደጋም ያመጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መሣሪያው ከርሰ ምድር ራዳር ይባላል። ባለሙያዎች በአጭሩ ጂፒአር ይሉታል። በእጅ የሚገፋ ትንሽ ጋሪ ነው። ከሥሩ አንቴና የያዘ ሳጥን አለ፤ መሬቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። መያዣው ላይ ስክሪን ተገጥሟል። ጎማው ላይ ያለው ቆጣሪ ጋሪው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተጓዘ ይመዘግባል። ባለሙያው በዝግታ እየገፋ ይራመዳል፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ መስመሮች እየተደራረቡ ይሳላሉ።

ስለዚህ መሣሪያ ሁለት ወሬ ይናፈሳል። አንደኛው፣ የተቀበረውን ነገር ፎቶ አንስቶ ያመጣል የሚል ነው። ሌላው፣ ወርቁን ከብረቱ ለይቶ ይናገራል የሚል ነው። ሁለቱም ስህተት ነው። ራዳሩ የሚያሳየው «እዚህ ጋ ከአፈሩ የተለየ ነገር አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚወስነው ሰው ነው። ያንን ልዩነት ማየት መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ደግሞ አፈሩ ነው።

ሞገዱ ሄዶ ሲመለስ

አንቴናው ወደ መሬት የሚልከው አጫጭር የሬዲዮ ሞገድ ነው። ኃይሉ ከሞባይል ስልክ ያነሰ ስለሆነ ለሚገፋውም ሆነ ለአላፊ አግዳሚው አያሰጋም። ሞገዱ አፈሩን አልፎ ይወርዳል። ከአፈሩ የተለየ ነገር ሲያገኝ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል፤ የቀረው ወደ ታች ይቀጥላል። ማሽኑ የሚመዘግበው ሞገዱ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜና ሲመለስ የያዘውን ጉልበት ነው። ጊዜው የሚቆጠረው በናኖሰከንድ ነው። አንድ ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ግድ ይላል። ማንኛውም ነገር ሞገዱን የሚያዘገይበት መጠን አለው፤ ይህም በቁጥር ይገለጻል። የአየር ቁጥር 1 ነው። የውሃ ወደ 80 ይጠጋል። ደረቅ አሸዋ ከ3 እስከ 5 ነው። የፒቪሲ ቱቦ 3 አካባቢ ነው። ተራ አፈር እንደ እርጥበቱ ከፍም ዝቅም ይላል። ሞገዱ በአየር ላይ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። አፈር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱን ለማወቅ 30ን ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት እናካፍላለን። ቁጥሩ 9 ከሆነ ፍጥነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አፈሩ ረጥቦ ቁጥሩ 25 ከደረሰ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ስክሪኑ ላይ አንድ ምልክት በ20 ናኖሰከንድ ታየ እንበል። ሞገዱ ሄዶ የተመለሰ ስለሆነ የአንድ ጉዞው ጊዜ 10 ናኖሰከንድ ነው። በመጀመሪያው አፈር ነገሩ ያለው 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በእርጥቡ አፈር ግን ያው ምልክት 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ ባለሙያው ማሽኑ ላይ የደረቅ አፈር ፍጥነት ሞልቶ መሬቱ እርጥብ ቢሆንስ? ስክሪኑ «1 ሜትር» ይላል። የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ችግር የለም ብሎ ያወርዳል። ቱቦው ግን 60 ላይ ነው። ሰፈሩ ውሃ አጣ ማለት ነው። ማሽኑ አልዋሸም፤ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ነው የቆጠረው።

ሁለተኛው ቁም ነገር የሚመለሰው ሞገድ ጉልበት ነው። በአፈሩና በተቀበረው ነገር ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ መልሱ ይጠነክራል። ቁጥሩ 9 በሆነ አፈር ውስጥ ባዶ ጉድጓድ ቢኖር የሞገዱ ከፍታ ግማሽ ያህል ተመልሶ ይመጣል። ፕላስቲክ ቢሆን ሩብ ገደማ ነው። ውሃ ቢሆን እንደገና ግማሽ፤ ግን ተገልብጦ። ነጩ የነበረበት ጥቁር፣ ጥቁሩ የነበረበት ነጭ ሆኖ ይታያል። ብረት ከሆነ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል፤ ወደ ታች የሚያልፍ የለም። ልምድ ያለው ሰው ምልክቱ የባዶ ቦታ ይሁን የብረት መገመት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፣ መገመት ነው ያልኩት።

አክንባሎው

የጂፒአር ስክሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ግራ ይገባዋል። ክብ ቱቦ ተቀብሮ እያለ ስክሪኑ ላይ ክብ የለም። የሚታየው የአክንባሎ ቅርጽ ነው፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ሁለት ጎኑ ወደ ታች የተንሸራተተ። ባለሙያዎች ሃይፐርቦላ ይሉታል። እኔ ግን አክንባሎ ብዬው እቀጥላለሁ።

የሚፈጠረው እንዲህ ነው። አንቴናው ቀጥታ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚልከው። ወደፊትም ወደኋላም ሰፋ አድርጎ ይበትናል። ስለዚህ ቱቦው ላይ ሳይደርስ ከሩቅ ያገኘዋል፤ ካለፈውም በኋላ ያየዋል። ቱቦው 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው እንበል። ጋሪው ልክ ከላዩ ሲቆም ርቀቱ 1 ሜትር ነው። ጋሪው 1 ሜትር ወደ ጎን ሲርቅ ግን በሰያፍ ሲለካ 1 ሜትር ከ41 ይሆናል። ርቀቱ ሲጨምር ጊዜው ይጨምራል። ጊዜ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ጥልቀት ሆኖ ይሳላል። ስለዚህ ጎኖቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። የተቀበረው ነገር እውነተኛ ቦታ የአክንባሎው ጫፍ ነው።

የዚህ ቅርጽ ጥቅሙ ቦታ ማሳየት ብቻ አይደለም። ከላይ ያነሳሁትን የፍጥነት ችግር የሚፈታውም እሱ ነው። በፈጣኑ አፈር ጫፉ 20 ናኖሰከንድ ላይ ሲሆን፣ 1 ሜትር ጎን ላይ 28 ናኖሰከንድ ይሆናል። በቀርፋፋው እርጥብ አፈር ግን ጫፉ ያው 20 ሆኖ 1 ሜትር ጎን ላይ ወደ 39 ይጠጋል። የመጀመሪያው አክንባሎ የተዘረጋ ነው፤ ሁለተኛው ጠበብ ብሎ ጎኑ ቁልቁል የወረደ። ኮምፒውተሩ ላይ የአክንባሎውን ጎን እያስጠጉ በማለካካት የአፈሩን ፍጥነት እዚያው ማግኘት ይቻላል። ይህን ሳያደርግ ጥልቀት የሚነግራችሁን ባለሙያ «ፍጥነቱን ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ጥልቀቱን አትመኑት።

አንድ አክንባሎ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። በተለይ ደሴ ላይ። ከጦሳ ተራራ ሥር ያሉት ሰፈሮች ከላይ እየተንከባለለ የወረደ ድንጋይና ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት መሬት ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ትልቅ ድንጋይ የራሱን አክንባሎ ይሠራል። ታዲያ ቱቦውን ከድንጋዩ በምን እንለየው? በመደጋገም ነው። ጋሪው መንገዱን ያቋርጣል። ከዚያ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብሎ እንደገና ያቋርጣል። እንደዚያ እያለ ይቀጥላል። ድንጋይ ከሆነ አንድ ቦታ ታይቶ ይጠፋል። ቱቦ ከሆነ በየመስመሩ፣ በአንድ ጥልቀት፣ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይመላለሳል። መሬቱ ላይ በቀለም ምልክት ሲደረግባቸው ነጥቦቹ ተሰልፈው ይታያሉ።

አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ቱቦውን አቋርጣችሁ ካለፋችሁ አክንባሎ ታያላችሁ። በቱቦው ርዝመት ላይ ከሄዳችሁ ግን የምታዩት ዝርግ መስመር ነው፤ ከአፈር ንብርብር አይለይም። ስለዚህ ሥራው በሁለት አቅጣጫ፣ በርዝመትም በጎንም መሠራት አለበት። ጊዜ ለመቆጠብ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሠርቶ «እዚህ ምንም የለም» የሚል ሪፖርት ከሪፖርት አይቆጠርም።

የሚያሳስቱ ምልክቶችም አሉ። የተዘረጋ የመብራት ሽቦ፣ የቆመ መኪና፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ሁሉም ሞገዱን በአየር ላይ መልሰው አንቴናው ላይ ሊጥሉት ይችላሉ። ስክሪኑ ላይ መሬት ውስጥ ያለ ነገር መስለው ይታያሉ። እንዲህ ዓይነቱ አክንባሎ በአየር ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ ከመጠን በላይ የተዘረጋ ነው። ፌሮ የገባበት ኮንክሪት ደግሞ ተከታታይ ትንንሽ አክንባሎዎች ይሰጣል። ፌሮው ከተጠጋጋ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይጋርዳል።

አፈሩ ካልፈቀደ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለራዳሩ ግን ሌላ አገር ነው።

በቦርከና ሸለቆ ሜዳው ላይ ዋልካ አፈር አለ፤ ጥቁሩ፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቀው። ዋልካ በሸክላ የበለፀገ ነው። የሸክላው ቅንጣቶች ውሃ ይይዛሉ፤ በውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጨዋማ ቅንጣቶች አሉ። የሬዲዮ ሞገድ እንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ያልቃል። አሸዋ ላይ ብዙ ሜትር የሚወርድ ራዳር ዋልካ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲረጥብ ከዚያም ያንሳል። ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህ አይቀየርም። ሌላ ቦታ ግን ዘዴው ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1929 ኦስትሪያ ውስጥ የበረዶ ግግር ጥልቀት በሬዲዮ ሞገድ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 አፖሎ 17 በራዳር የጨረቃን ከርስ መርምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ማርስ ላይ የምትሄደው የናሳ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስም ከ10 ሜትር ጥልቀት በላይ እንዲያይ ተብሎ የተሠራ ራዳር ይዛለች። ማርስ ላይ የሚሠራው ነገር ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ እዚያ እርጥብ ሸክላ የለም።

ይህ ማለት ግን ኮምቦልቻ ላይ ራዳር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። መንገድ ሲሠራ ዋልካው ተቆርጦ ይወጣና በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ የመንገድ ሙሊት፣ ይተካል። ሰሌክቱና ጠጠሩ ለሞገድ ጥሩ ናቸው። በዚያ ውፍረት ውስጥ የተቀበረ ነገር ሊታይ ይችላል። ሌላም አለ። ቱቦው ራሱ ባይታይ ጉድጓዱ ሊታይ ይችላል። ተቆፍሮ የተሞላ አፈር ከጎኑ ካለው ያልተነካ አፈር ጋር አይመሳሰልም። ንብርብሩ ይቆረጣል። ጎበዝ ባለሙያ ቱቦውን ሳያይ የቱቦውን ጉድጓድ ተከትሎ መስመሩን ያገኛል።

ወቅት መምረጥም ትልቅ ጥቅም አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ራዳር ይዞ መውጣት ገንዘብ መድፋት ነው። ወሎ ደግሞ በልግም ስላለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መሬቱ እንደገና ሊረጥብ ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ዋልካ በጣም ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ስንጥቅም የራሱን ምልክት ስለሚሠራ ባለሙያው ያንንም ማወቅ አለበት።

የአንቴናው ምርጫስ? የሞገዱ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ ከፍ ሲል ጥራቱ ይጨምራል፤ ጥልቀቱ ግን ይቀንሳል። ፍጥነቱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ አፈር የ400 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ 400 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ) ሞገድ ርዝመት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። የ100 ሜጋኸርዙ 1 ሜትር ይሆናል። ራዳሩ አንዱን ነገር ከሌላው ለይቶ ማሳየት የሚችለው ቢበዛ እስከ ሞገዱ ርዝመት ሩብ ድረስ ነው። በ100 ሜጋኸርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው የተደራረቡ ሁለት ቱቦዎች አንድ ሆነው ይታያሉ። ለመንገድ ሥር መስመሮች በብዛት የሚመረጠው 400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ለኮንክሪት ከ1,000 በላይ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር አንድ የልምድ ሕግ አለ። የሚፈለገው ነገር ውፍረት ከጥልቀቱ አንድ አሥረኛ ገደማ መሆን አለበት። 1 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ይታያል። ወደ ቤት የምትገባዋ የግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ ግን በዚያ ጥልቀት አትታይም ብለን ብንነሳ ይሻላል። የፋይበር ኬብልም እንዲሁ። ቀጭን ነው፣ ፕላስቲክ ነው። ብዙ ሰው ራዳሩ አላሳየም ማለት የለም ማለት ይመስለዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን አስተሳሰብ ነው።

«ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ

ልዩነት ታይቷል፤ ቦታውም ጥልቀቱም ታውቋል። አሁን ምንነቱ ይቀራል። ይህን ራዳሩ ብቻውን አይመልስም። ሌሎች መሣሪያዎች ይታገዙበታል።

የኬብል መፈለጊያ ርካሽና ጠቃሚ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ገመድ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መፈለጊያው የእኛን አገር 50 ኸርዝ መብራት ያዳምጣል። ራዳሩ አክንባሎ ባሳየበት ቦታ መፈለጊያው ድምፅ ከሰጠ ነገሩ የመብራት ኬብል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ድምፅ ካልሰጠ ግን የግድ ኬብል አይደለም ማለት አይቻልም፤ ኃይሉ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። የብረት ቱቦ ከሆነ ጫፉ ላይ ምልክት አስገብቶ መስመሩን መከተል ይቻላል። የብረት መለያና ማግኔቶሜትር የተባለው የመግነጢስ መለኪያም አሉ። እነዚህ ግን እኛ አካባቢ የራሳቸው ፈተና አላቸው። የደሴ ዙሪያ ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ ራሱ መግነጢሳዊ ማዕድን አለበት። መሣሪያው ብረት በሌለበት ሊጮህ ይችላል።

ከመሣሪያው በፊት ደግሞ እግርና አፍ አለ። ማንሆሉ የት ነው? ቫልቩ የት ወጥቷል? ቆጣሪው ወደየት ይመለከታል? ድሮ መስመሩን የዘረጉት ሠራተኞች በሕይወት ካሉ ከእነሱ የተሻለ መረጃ የለም። ሰፈሩ ውስጥ ያደጉ ሽማግሌም «ልጄ፣ ቧንቧው በዚህ በኩል ነበር» ካሉ ችላ አይባሉም። ራዳሩ እሳቸው ያሉትን ያረጋግጣል ወይም ያርማል።

የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ለዚህ ሥራ አራት ደረጃ አውጥቷል፤ ለእኛም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዝቅተኛው ከሰነድና ከሰው ቃል የተገኘ መረጃ ነው። ቀጥሎ ላይ ላዩን የሚታዩ ማንሆሎችና ቫልቮች ተለክተው ከሰነዱ ጋር ይነጻጸራሉ። ሦስተኛው እንደ ራዳር ባለ መሣሪያ የተገኘ ነው። ከፍተኛው ግን በራዳር የተገኘ አይደለም። ቱቦው በጥንቃቄ ተቆፍሮ በዓይን ሲታይና ሲለካ ነው። ራዳር የሙከራ ጉድጓድን አያስቀርም፤ የት መቆፈር እንዳለበት ነው የሚያሳየው። አሥር ቦታ በዶማ ከመገመት ሁለት ቦታ አውቆ በእጅ መቆፈር ማለት ነው። በእጅ ስል በአካፋና በዶማ፣ ቀስ ተብሎ። ኤክስካቫተር ለሙከራ ጉድጓድ አይሆንም።

ስለ ወርቁ

ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ወሎ የታሪክ አገር ነው። አሮጌ መቃብር፣ የፈረሰ ግንብ፣ የጥንት ገዳም ያለበት አካባቢ ሁሉ የተቀበረ ወርቅ ወሬ አይጠፋም። ከወሬው ጋር ደግሞ «ወርቅ የሚያሳይ ማሽን» ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ያላቸውን ሸጠው ያዋጡ ሰዎች አሉ።

ወደ ራዳሩ እንመለስ። ብረት ነገር ሁሉ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። ወርቅም ይመልሳል። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮም ይመልሳል። ስክሪኑ ላይ ልዩነት የላቸውም። ወርቅን ከቆርቆሮ የሚለይ ከርሰ ምድር ራዳር የለም። ከሩቅ ቆሞ አንቴናውን እያዞረ አቅጣጫ የሚጠቁም የእጅ መሣሪያ ደግሞ ጭራሽ ማጭበርበሪያ ነው። ኤዲኢ 651 የተባለ የሐሰት ፈንጂ መፈለጊያ ለኢራቅ ሳይቀር በብዙ ገንዘብ ተሸጦ ነበር። ውስጡ የሚሠራ ምንም ነገር አልነበረውም። ሻጩ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ወርቅ አሳይ ብለው የሚያዞሩትም የዚያው ዘር ነው።

ስልክ ላይ የሚጫን «የመሬት ራዳር» አፕም አለ። ስልክ መሬት ውስጥ ሞገድ የሚልክ አንቴና የለውም። ያለው ትንሽ የመግነጢስ መለኪያ ነው፤ እሱም የሚያውቀው በቅርብ ያለ ብረትን ነው። ወርቅ መግነጢስ አይስበውም።

ይህ ሁሉ ቢቀር ሕጉ አለ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር አይቻልም፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። ዘራፊ ቆፍሮ የጣለው የሸክላ ስብርባሪ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ አይታወቅም። ታሪኩ እዚያው ይጠፋል። ይህ ያሳዝነኛል።

ፈንጂ ሲሆን

ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ደጋግሞ ያለፈባቸው ከተሞች ናቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር ኮምቦልቻና ደሴ መካከል ባለው ገደላገደል ከባድ ውጊያ ነበር። የ2014ቱንም ሁላችንም እናስታውሳለን። ያልፈነዳ ነገር ከአፈር ሥር ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰብ ሟርት አይደለም።

እዚህ ላይ ራዳር ይሠራል፤ ነገር ግን በሠለጠነ የፈንጂ አምካኝ እጅ ብቻ። ብረት መለያው ጥቂት ብረት ያለባቸውን የፕላስቲክ ፈንጂዎች ለማግኘት በጣም ንቁ ሆኖ ሲስተካከል በየሚስማሩና በየቆርቆሮው ይጮኻል። ራዳሩ ደግሞ ቅርጽና ጥልቀት ይጨምርለታል። ሁለቱን በአንድ እጀታ ያጣመሩ መሣሪያዎች ካምቦዲያን በመሳሰሉ አገሮች አገልግለዋል። ለመንገድ ሥራ የመጣ ባለሙያ ግን ጋሪውን እየገፋ ፈንጂ አይፈልግም። ጥርጣሬ ካለ ሥራው ይቁም።

ቁፋሮ ላይ የማይታወቅ ብረት ከወጣ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ በድንጋይ አትምቱት። በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ሰው አርቁ፤ ለፖሊስ ንገሩ። ልጆች ለቆራሌው ሊሸጡ ቁርጥራጭ ብረት ይለቅማሉ። ይህን ለእነሱ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

የት ቢውል ያምራል?

በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት መልሶ ለመትከል ሲታሰብ ዩኔስኮ ቦታውን አስጠንቶ ነበር። ያኔ ጂኦራዳር (ያው ከርሰ ምድር ራዳር) እና የኤሌክትሪክ ልኬት አንድ ላይ ተጠቅመው ከመሬት በታች የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ አዩ። አንድም ድንጋይ ሳይነሳ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ መስመሮቹ በጣም ይቀራረባሉ፤ ሩብ ወይም ግማሽ ሜትር እየተራራቁ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም አገጣጥሞ በተለያየ ጥልቀት ላይ አግድም የተቆረጠ ምስል ያወጣል። ያኔ አክንባሎው ይጠፋና የግድግዳ መሠረት መስመር ይወጣል።

ደሴ ላይ ይህ እንዲሠራ የምመኝበት ቦታ አለ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽና መርሆ ግቢ አካባቢ ነው። በዚያ ዙሪያ ለመንገድም ሆነ ለፍሳሽ ከመቆፈሩ በፊት በቅርብ መስመር ቢቃኝ፣ የጠፋ መሠረት ካለ ሳይሰበር ይታወቃል። ለመሬት መንሸራተቱስ? ደሴ የሚያሳስባት ጉዳይ ስለሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። የሚንሸራተተው መሬት ግን ብዙ ጊዜ እርጥብ ሸክላ አለበት፤ ራዳሩ ሳይደርስ ይደክማል። ለዚያ በኤሌክትሪክ የመሬቱን መቋቋም የሚለካው ዘዴ ይሻላል።

ለመንገዱ ሥራ ደግሞ ከራዳሩ ቀድሞ የሚመጣ ርካሽ ነገር አለ። ዛሬ የሚቀበር የፕላስቲክ ቱቦና ፋይበር ከላዩ ቀጭን ሽቦ ወይም ብረት ያለበት የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ይዘርጋበት። ከሃያ ዓመት በኋላ ራዳር ያላየውን ተራ መፈለጊያ ያገኘዋል። ኮምቦልቻ ዋልካ ላይ ይህ ግዴታ መሆን ነበረበት።

ራዳር ሲቀጠርም ውሉ ላይ የሚጻፈው ነገር ይታሰብበት። ፍጥነቱ እዚያው ቦታ ላይ ይለካ። በሁለት አቅጣጫ ይቃኝ። ጥልቀቱ እስከ ስንት እንደታየ፣ ከዚያ በታች ማየት እንዳልተቻለ በግልጽ ይጻፍ። ምልክቱ በቀለም ይደረግ፤ አሜሪካኖች ለውሃ ሰማያዊ፣ ለመብራት ቀይ፣ ለስልክ ብርቱካናማ፣ ለፍሳሽ አረንጓዴ ይጠቀማሉ፤ እኛም አንድ ላይ መስማማት አያቅተንም። ቀለሙ አንድ ክረምት አያልፍም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ በጂፒኤስ ይመዝገብ። የሙከራ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳ። ፎቶውና መረጃው ከኮንትራክተሩ ኮምፒውተር ላይ አይቅር፤ ለማዘጋጃ ቤቱም፣ ለውሃውም፣ ለመብራቱም፣ ለቴሌውም እኩል ይድረስ።